ፊፋ ይሠራል? የሊኑክስ ጌም ነገር የት ደረሰ

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ መጣ። «ዊንዶውስ 10 አበቃለት ይላል፣ ምን ላድርግ?» ሲለኝ ከርሟል። ማሽኑ ያገለገለ ነው። ሲገዛው «ኮር አይ ፋይቭ፣ ሲክስዝ ጄኔሬሽን፣ እንደ አዲስ ነው» ተብሎለታል። ዊንዶውስ 11 ግን አይቀበለውም። ማይክሮሶፍት ከስምንተኛው ጄኔሬሽን በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከዝርዝሩ አስወጥቷቸዋል።

«ሊኑክስ እንጫንበት» አልኩት። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው።

አየኝ። ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ፊፋ ይሠራል?»

ይህ ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት ቢመጣ መልሱ አጭር ነበር። ፊፋም አይሠራም፣ ሌላውም አይሠራም፣ ካርታ ተጫወት። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አብዛኛው ጌም ይሠራል፤ ፊፋ ግን አይሠራም። የማይሠራው ደግሞ ሊኑክስ አቅም አንሶት አይደለም። ፈቃድ አጥቶ ነው። ሰዎች ስለ ሊኑክስ ጌም ሲከራከሩ የሚያምታታቸው ይኸው ልዩነት ይመስለኛል። ግማሹ ስለ አቅም ያወራል፣ ግማሹ ስለ ፈቃድ።

ከታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊኑክስ ላይ ጌም እናምጣ የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1998 ሎኪ ሶፍትዌር የሚባል አነስተኛ ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ተቋቁሞ ነበር። ሥራው ለዊንዶውስ የወጡ ጌሞችን ፈቃድ እያገኘ ለሊኑክስ እንደገና ማዘጋጀት ነው። ጎበዝ ልጆች ነበሩ። ገዢ ግን አልነበረም። በ2002 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ከሎኪ ፕሮግራመሮች አንዱ ሳም ላንቲንጋ የሠራው ኤስዲኤል የሚባል መሣሪያ ግን እስከ ዛሬ አልሞተም፤ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጌሞች ይጠቀሙበታል። ሰውየውም ኋላ ላይ ቫልቭ ገባ። ይህን ስም ያዙልኝ።

ከሎኪ በኋላም የሞከሩ አልጠፉም። ሁሉም ያው ቦታ ላይ ተደናቀፉ። ተጫዋች ስለሌለ ጌም ሠሪ አይመጣም፤ ጌም ስለሌለ ተጫዋች አይመጣም። የዶሮና የእንቁላል ነገር።

መፍትሔው የመጣው ከሊኑክስ ፍቅር አልነበረም። ከፍርሃት ነው።

ቫልቭ ስቲምን የሚያስተዳድረው ኩባንያ ነው። ስቲም ማለት የኮምፒውተር ጌም መርካቶ ነው። በ2025 በአንድ ቅጽበት ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው የገባበት ጊዜ ነበር። ይህ ሁሉ ገበያ ግን የቆመው በሰው ቤት ነው፣ በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ላይ። በ2012 ዊንዶውስ 8 የራሱን መደብር ይዞ ሲመጣ የቫልቭ ኃላፊ ጌብ ኒውዌል ደነገጠ። ለፒሲው ዓለም ሁሉ ጥፋት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ቤት ተከራይቶ የሚነግድ ሰው፣ አከራዩ ከጎኑ ያንኑ ዓይነት ሱቅ ሲከፍት ቢያይ ምን ይሰማዋል? ነገ ኪራዩ ሊጨምር ይችላል። ከነገ ወዲያ ደግሞ «ለቤቱ ፈልገነዋል» ይባላል። ኒውዌል ያደረገው ነገር፣ ከመባረሩ በፊት ለራሱ ቦታ መፈለግ ነው።

በየካቲት 2013 ስቲም ለሊኑክስ በይፋ ወጣ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ስቲም ማሽን የተባሉ፣ በሊኑክስ የሚሠሩ፣ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጡ ኮምፒውተሮች ለገበያ ቀረቡ። ገበያ አጡ። ሰው ገዝቶ ቤቱ ከወሰደው በኋላ የሚፈልገው ጌም የለበትም። ዶሮና እንቁላል እንደገና። ቫልቭ ጌም ሠሪዎችን እባካችሁ ለሊኑክስም ሥሩ ብሎ ለመነ፤ አብዛኞቹ ጆሮ አልሰጡትም።

ያኔ ነው መንገዱን የቀየረው። ጌም ሠሪዎቹን መለመን ተወና ሊኑክስን ራሱን የዊንዶውስ ቋንቋ አስተማረው።

አስተርጓሚው

ቫልቭ ከባዶ አልጀመረም። ዋይን የሚባል ፕሮጀክት ከ1993 ጀምሮ ነበረ። ሥራው ማስተርጎም ነው። አንድ የዊንዶውስ ጌም ሲከፈት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ያለማቋረጥ ያዝዛል። ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ መስኮት አሳየኝ፣ ማውሱ የት ደረሰ? ዋይን መሐል ቁጭ ብሎ ትእዛዙን ይቀበላል፣ ሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያቀርበዋል፣ መልሱን በዊንዶውስኛ ይመልሳል። ጌሙ ሲያናግር የዋለው ማንን እንደሆነ አያውቅም። የዋይን ስም ራሱ ሲተነተን «ዋይን ኢምዩሌተር አይደለም» የሚል ነው። ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ አይሠራም ማለታቸው ነው፤ ለዚህም ነው ፍጥነቱን ብዙም የማይገድለው።

ዋይን ለዓመታት የተሰናከለው ግራፊክስ ላይ ነበር። የዊንዶውስ ጌሞች ሥዕል የሚስሉት ዳይሬክትኤክስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂ ነው። ይህን ወደ ሊኑክስ መመለስ ዘገምተኛና ስህተት የበዛበት ሥራ ነበር። በ2016 ቩልካን የሚባል፣ ማንም የሚጠቀምበት፣ ለግራፊክስ ካርዱ ቅርብ የሆነ አዲስ ቴክኖሎጂ ወጣ። ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ሰው ኒየር አውቶማታ የተባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈለገ። አልሆን ሲለው ዳይሬክትኤክስን ወደ ቩልካን የሚያስተረጉም ፕሮግራም ራሱ መጻፍ ጀመረ። ዲኤክስቪኬ ይባላል። ስንቱ ነገር የተጀመረው አንድ ሰው እልህ ይዞት መሰላችሁ! ቫልቭ ሰውየውን ቀጠረው። ከዋይን ዋና ሠሪዎች ከኮድዊቨርስ ጋር ሆኖም ሁሉንም በአንድ ጠቀለለና በነሐሴ 2018 ፕሮቶን ብሎ አወጣው።

ፕሮቶን ምን እንደሚያደርግ በዓይን ማየት ይቻላል። ሊኑክስ ላይ ስቲም ካላችሁ አንድ የዊንዶውስ ጌም ጫኑና ፋይሎቹን ተከታትላችሁ ግቡ። ኮምፓትዳታ የሚባል ፎልደር ታገኛላችሁ። ውስጡ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ፎልደሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጌም ነው። አንዱን ክፈቱት። ድራይቭ ሲ አለ። ፕሮግራም ፋይልስ አለ። ዊንዶውስ የሚል አለ፣ ውስጡም ሲስተም 32 አለ። ዩዘርስን ስትከፍቱ ደግሞ ስቲምዩዘር የሚባል የማታውቁት ሰው ዶክመንትስ ፎልደሩን ይዞ ይጠብቃችኋል። ለፊልም ቀረጻ የተሠራ ሰፈር ይመስላል። ፊት ለፊቱ ሱቅ ነው፣ ዞር ብላችሁ ከኋላ ስታዩት ጣውላ። ለእያንዳንዱ ጌም እንዲህ ያለ ሰፈር ለብቻው ይሠራለታል። ጌሙ ገብቶ እንደ ቤቱ ይኖራል።

እኔና የእህቴ ልጅ ግን እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጌሞቹን ያስቀመጠው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው፤ ዲስኩ ደግሞ የተዘጋጀው ለዊንዶውስ በሚሆነው በኤንቲኤፍኤስ ነው። ሊኑክስ ያነበዋል፣ ስቲምም ጌሞቹን አገኛቸው። ደስ አለን። «ፕሌይ» ስንለው ቁልፉ ለሁለት ሰከንድ ተቀይሮ ተመልሶ «ፕሌይ» ይላል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ የስህተት መልእክት የለ። ደጋግመን ጫንን፣ ደጋግመን አጠፋን። በኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የኛው ነው። ያ የውሸት ሰፈር በሚሠራበት ጊዜ ፕሮቶን በስማቸው ውስጥ ሁለት ነጥብ ያለባቸው አቋራጮችን ይፈጥራል፤ ኤንቲኤፍኤስ ደግሞ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ አይወድም። ጌሞቹን ወደ ላፕቶፑ ዲስክ ገለበጥናቸው፣ ሠሩ። ይህን የጻፍኩት ሌላው ሰው ግማሽ ቀኑን እንዲያተርፍ ነው።

ከዚያ «ሼደር በማዘጋጀት ላይ» የሚል መስመር መጣ። ሼደር ማለት ብርሃንና ጥላ እንዴት እንደሚሳል ለግራፊክስ ካርዱ የሚነግር ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ለየካርዱ መዘጋጀት አለበት። በኛ ማሽን መስመሩ እስኪሞላ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ተጠጣ። ከዚያ ጌሙ ተከፈተ። የእህቴ ልጅ «በቃ? ይኸው ነው?» አለ። አዎ፣ ይኸው ነው።

ሥራው አሁንም አልቆመም። የዊንዶውስ ጌሞች በአንድ ጊዜ የሚያሠሯቸውን ብዙ ሥራዎች ተራ የሚያስይዙበት የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ሊኑክስ ይህን በትክክል መኮረጅ አቅቶት ኖሯል። የኮድዊቨርሷ ኤልዛቤት ፊጉራ ኤንቲሲንክ የተባለውን መፍትሔ ጻፈች። በመጋቢት 2025 በወጣው 6.14 በተባለው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ተሟልቶ ገባ። አስቡት፤ የሊኑክስ ልብ ውስጥ፣ የዊንዶውስን ጠባይ ለመኮረጅ ብቻ የተጻፈ ኮድ! ከሃያ ዓመት በፊት የነበረ የሊኑክስ አፍቃሪ ይህን ቢሰማ ያለቅሳል።

አንድ አስቂኝ ነገርም ተፈጠረ። ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩ የቆዩ ጌሞች ዛሬ ብዙ ጊዜ አልከፍት ይላሉ። ሊኑክስ ውስጡን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል፤ የድሮው ጌም የሚፈልገውን ነገር አያገኝም። የዚያው ጌም የዊንዶውስ ቅጂ ግን በፕሮቶን ያለ ችግር ይሄዳል። ሮኬት ሊግ የተባለው የመኪና ኳስ ጌም በ2020 የሊኑክስ ቅጂውን ሲያቋርጥ ብዙ ሰው ተቆጣ። በፕሮቶን የዊንዶውሱን ከፍተው መጫወታቸውን ቀጠሉ። «ሊኑክስ ላይ የማይለዋወጥ ነገር ዊንዶውስ ብቻ ነው» የሚል ቀልድ አለ፤ ከቀልድነቱ እውነትነቱ ያይላል።

ሳያውቁት ሊኑክስ የገዙ

ፕሮቶን ቢኖርም ሰዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸውን ለመቀየር አይነሱም። ቫልቭ ይህንንም ያወቀ ይመስላል። በየካቲት 2022 ማብቂያ ስቲም ዴክን አወጣ። በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻ ነው፤ የመጀመሪያ ዋጋው 399 ዶላር፣ ውስጡ የኤኤምዲ ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ሜሞሪ። የሚሠራው በአርች ሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ስቲም ኦኤስ ነው። ገዢው ግን ይህን ማወቅ የለበትም። ማብሪያውን ይጫናል፣ ጌሙን ይመርጣል፣ ይጫወታል። ጌሞቹ ላይ «ተፈትኗል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አለ፤ ያ ካለ መጨነቅ የለም።

የዶሮና የእንቁላሉ ነገር የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ጌም ሠሪው ለሊኑክስ ሥራ ሲባል እምቢ ብሎ ነበር። ጌምህ ስቲም ዴክ ላይ ይሂድ ሲባል ግን ራሱ እየሞከረ ያስተካክላል። ያው አንድ ነገር ነው፤ አጠራሩ ተቀየረ።

በ2025 ሌኖቮ ሌጅን ጎ ኤስ የተባለውን መጫወቻውን በሁለት መልክ አቀረበ፤ አንዱ ከዊንዶውስ ጋር፣ አንዱ ከስቲም ኦኤስ ጋር፣ የሊኑክሱ ረከስ ብሎ። ያነጻጸሩ ሰዎች በብዙ ጌም የሊኑክሱ ፈጥኖ አገኙት። ልብ በሉ፤ እያስተረጎመ ነው የቀደመው። ዊንዶውስ ከጌሙ ጋር አብሮ የሚጎትተው ጓዝ በዝቷል። ማይክሮሶፍትም ገብቶታል። በጥቅምት 2025 ከአሱስ ጋር ባወጣው በእጅ በሚያዘው ኤክስቦክስ ላይ፣ የዊንዶውስን ዴስክቶፕ ደብቆ በቀጥታ ጌም የሚከፍት አዲስ ገጽታ ጨመረ።

ቁጥሩስ? ፕሮቶን ሊመጣ ሲል ከስቲም ተጠቃሚዎች ሊኑክስ ያለው 1 በመቶ አይሞላም ነበር። በጥቅምት 2025 የስቲም ጥናት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ 3 በመቶን አለፈ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ያበቃበት ወር ነው። ከማክ በልጧል። ዊንዶውስ ግን ያኔም 95 በመቶ ገደማ ይዞ ነበር። ስለዚህ «የሊኑክስ ዘመን መጣ» የሚሉትን ሰዎች ስሰማ ፈገግ እላለሁ። 3 በመቶ ድል አይደለም። ግን ችላ የሚባልም አይደለም፤ ዕድገቱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው።

ዘበኛው

አሁን ወደ ፊፋ እንመለስ። (ስሙ ኢኤ ኤፍሲ ከሆነ ቆይቷል፤ ማን ይሰማዋል፣ ሁሉም ሰው ፊፋ ነው የሚለው።)

በኢንተርኔት የሚጫወቱ ጌሞች የሚያጭበረብር ሰው ያስቸግራቸዋል። በግድግዳ አሳልፎ የሚያይ፣ ሳያነጣጥር የሚመታ። እሱን ለመያዝ አንቲቺት የሚባል ዘበኛ ፕሮግራም ይጫናል። ድሮ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። አጭበርባሪዎቹ ወደ ከርነል፣ ማለትም ሁሉን ወደሚያየው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ሲገቡ ዘበኛውም ተከትሎ ገባ። አሁን ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ከእናንተ በላይ ሥልጣን ይዞ የሚኖር ዘበኛ አለ። ይህ ዘበኛ የተጻፈው ለዊንዶውስ ከርነል ነው። ማስተርጎም አይቻልም፤ ፕሮቶን የሚያስመስለው ሰፈሩን እንጂ መሠረቱን አይደለም።

የፊፋ ሠሪው ኢኤ የራሱን የከርነል አንቲቺት ፊፋ 23 ላይ በ2022 ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የወጡት የኳስ ጌሞቹ ሊኑክስ ላይ በራቸው ዝግ ነው። ራዮት የተባለው ጌም ሠሪ በ2020 ከቫሎራንት ጋር ያመጣውን ቫንጋርድ የተባለ ዘበኛ በ2024 ወደ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ሲያስገባ፣ በዋይን ለዓመታት ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች በአንድ ቀን ውጭ ቀሩ። ኩባንያው ያኔ እንደተናገረው፣ በሊኑክስ የሚገቡት በቀን 800 ገደማ ነበሩ። ሚሊዮኖች በሚጫወቱት ጌም ለ800 ሰው ማን ይጨነቃል? ጂቲኤ ኦንላይን በመስከረም 2024 አንቲቺት ሲጨምር ስቲም ዴክ ላይ ቆመ። አፔክስ ሌጀንድስ ሊኑክስን ይደግፍ ነበር፤ በጥቅምት 31 ቀን 2024 አጭበርባሪዎች መሸሸጊያ አደረጉት ብሎ ዘጋው። በጥቅምት 2025 የወጣው ባትልፊልድ 6 ደግሞ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን፣ ማሽኑ ሲነሳ ሲስተሙ እንዳልተነካካ የሚያጣራው ሴኪውር ቡት ካልበራ አይከፍትም።

የሚገርመው፣ ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት ሁለቱ ታዋቂ ዘበኞች ከ2021 ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት ይችላሉ። የሚፈለገው ጌም ሠሪው «እሺ» ማለቱ ነው። ብዙዎቹ አላሉም። ኢፒክ የኢዚ አንቲቺት ባለቤት ነው፤ የራሱን ፎርትናይት ግን ለሊኑክስ አልፈቀደም። አቅሙ አለ፣ ፈቃዱ የለም ያልኩት ይህን ነው።

ጌም ሠሪዎቹን ማውገዝ ቀላል ነው። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም። ሊኑክስ ላይ የማሽኑ ባለቤት ከርነሉን ራሱ ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ እንደገና ሠርቶ መጫን ይችላል። ነፃነቱ ይህ ነው። ለዘበኛው ደግሞ ጭንቀቱ ይኸው ነው፤ ጠባቂው በቆመበት ቤት ውስጥ የቤቱ ባለቤት ግድግዳውን ሲያፈርስ ቢውል ምን ሊጠብቅ? ቫልቭ የራሱን ካውንተር ስትራይክ 2 ያለ ከርነል ዘበኛ ሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። ግን ተጫዋቹ ስለ አጭበርባሪ እንዳማረረ ነው፤ የምር የሚወዳደሩት ደግሞ የከርነል ዘበኛ ወዳለው፣ ፌስኢት ወደሚባለው የውድድር መድረክ ይሄዳሉ፣ እሱም ዊንዶውስ ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ዊንዶውስ ላይ ዘበኛው እምብርት ድረስ ገብቶም ማጭበርበር አልጠፋም። ለብቻው በተሰካ ካርድ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ ከውጭ የሚያነቡ አሉ።

ወደፊት ይቀየራል? ተስፋ የሚያደርጉ ሰዎች ሐምሌ 19 ቀን 2024ን ይጠቅሳሉ። በዚያ ቀን የደህንነት ሶፍትዌር ሠሪው ክራውድስትራይክ የላከው የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቆመ። ጥፋቱ የመጣው በከርነል ውስጥ ከሚኖር ሶፍትዌር ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት የደህንነት ሶፍትዌሮችን ከከርነል የማስወጣት ሥራ ጀምሯል። እነሱ ከወጡ የጌም ዘበኛውም ይወጣል፣ ከወጣም ፕሮቶን ያስተርጉመዋል የሚል ሒሳብ ነው። እኔ ቶሎ አይሆንም ባይ ነኝ። ባትልፊልድ 6 ያሳየን መንገድ ሌላ ነው፤ ማሽኑ ከመነሻው ያልተነካካ መሆኑን በቺፑ በኩል ማስመስከር። ሊኑክስም ይህን ማድረግ ይችላል። ቫልቭ ነገ «ይህ ያልተነካ ስቲም ኦኤስ ነው» ብሎ በፊርማ ቢያረጋግጥ በሩ ሊከፈት ይችላል። ግን ያኔ የሚከፈተው ለስቲም ኦኤስ እንጂ ለሊኑክስ አይደለም። ከርነሉን በራሱ እጅ የሚያዘጋጀው ሰው ያው ውጭ ይቀራል። ይህን ጉዳይ የሊኑክስ ሰዎች ገና በደንብ የተጣሉበት አይመስለኝም፤ መጣላታቸው ግን አይቀርም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገርም አለ። ይህ ሁሉ ሕንፃ በአንድ ኩባንያ ደሞዝ የቆመ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ቫልቭ ነገ ቢተወው እንኳን አይጠፋም። ግን በየሳምንቱ ለሚወጣው አዲስ ጌም በየሳምንቱ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ደሞዝ ያስፈልገዋል። በሰኔ 2025 ፌዶራ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚሠሩ ሰዎች የድሮዎቹን ባለ 32 ቢት ሶፍትዌሮች ለመጣል ሐሳብ ሲያቀርቡ የሆነው ይህን አሳይቶኛል። ስቲም ራሱና ብዙ የቆዩ ጌሞች በዚያ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ባዚት የተባለው፣ በፌዶራ ላይ የተሠራው ታዋቂ የጌም ሊኑክስ መሪ፣ ይህ ከሆነ ፕሮጀክቱ ማብቃቱ ነው አለ። ጫጫታው በቀናት ውስጥ ሐሳቡን አስጣለው። ክሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ግን ታየ።

ቫልቭ ለጊዜው የሚተው አይመስልም። በኅዳር 2025 ያንኑ የወደቀ ስም አንስቶ አዲስ ስቲም ማሽን ለ2026 አስተዋወቀ። አብሮት ስቲም ፍሬም የተባለ የቪአር መነጽር አለ፤ ለእኔ ትልቁ ዜና እሱ ነው። የሚሠራው እንደ ስልክ በአርም ፕሮሰሰር ነው። ለኢንቴል ዓይነት ቺፕ የተጻፉ የዊንዶውስ ጌሞችን ፌክስ የተባለ ሌላ አስተርጓሚ ያመጣቸዋል። አስተርጓሚ በአስተርጓሚ ላይ። ከሠራ፣ ነገሩ ከሊኑክስም አልፎ ወደ ስልክ ቺፖች ይሄዳል።

እዚህ አገር ላለ አንባቢ ጥቂት ነገር ልበል። ስቲም ዴክ በይፋ አይሸጥም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ከዚህ ሆኖ ስቲም ላይ መክፈልም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የቀረው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። እሱ ላይ ከመድከማችሁ በፊት ጄኔሬሽኑን እዩ። የዛሬው ዲኤክስቪኬ ቩልካን 1.3 ይፈልጋል፤ አራተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በታች ያሉ ኢንቴሎች አብሮ በተሠራው ግራፊክሳቸው አያሟሉትም። ለእነሱ የቀረው ዘገም የሚለው የድሮው መንገድ ነው። ስድስተኛና ከዚያ በላይ ከሆነ ለቀላል ጌም ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን የምትገዙ ከሆነ ኤኤምዲ ይሻላል፤ ድራይቨሩ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ኤንቪዲያ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ላይ የመሐል ጣቱን ካሳየው ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ አዳዲስ ጌሞች ላይ ግን ከዊንዶውሱ ያዘግማል።

የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫንን። ስታርዲው ቫሊ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ከጓደኛው በፍላሽ የመጣ፣ ከየት እንደተገኘ ያልጠየቅኩት ፔስ 2013 በዋይን ተከፈተ፤ ጆይስቲኩም ያለ ምንም ማስተካከያ ታወቀ። ማሽኑ ከበፊቱ ፈጠነ፣ ማራገቢያውም ጸጥ አለ። ደስ ብሎት ይዞት ሄደ።

ባለፈው ቅዳሜ ደወልኩለት። ከጀርባው ጩኸት ይሰማል። «የት ነህ?» አልኩት።

«ፕሌይስቴሽን ቤት ነኝ ጋሼ» አለ። «ፊፋ እየተጫወትን ነው። ተራዬ ደርሷል፣ ልዝጋው?»